ጥርሱን ኪሱ የሚከተው ሰውዬ

ቬርና በበረዶ ሆኪው አዳራሽ ድንች ጥብስ ስትሸጥ የጨዋታውን ሁኔታ ከሰሌዳው ላይ አታይም፤ ከአንድ ሰውዬ አፍ ነው የምታነበው። ሰውየው የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ነው። ካፖርቱ ውድ፣ ጫማው እንደ መስታወት የሚያበራ። የክብር ወንበር ቢኖረውም አንድ ቀን ተቀምጦበት አያውቅም፤ እሷ መሸጫ መስኮት ሥር ቆሞ ነው የሚያየው። ጨዋታው ሲከር ሰው ሠራሽ የፊት ጥርሶቹን አውልቆ በመሐረብ ይጠቀልልና ኪሱ ይከታቸዋል። አሥራ ስምንት ዓመት በተከላካይነት ሲጫወት ሜዳ የሚገባው እንደዚያ ነበር።

ዛሬ ከተሸነፉ ከውድድሩ ይወጣሉ። አንድ ለባዶ እየመሩ ግማሽ ደቂቃ ቀርቷል፤ ጥርሶቹም ኪሱ ገብተዋል።

«አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ማን ይመታሃል? መልሳቸው እንጂ!» አለችው።

«ዝም በይ ቬርና፣ መጣች!»

እንደ ኳስ በዱላ የሚመቷት ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ ወደ ጎላቸው ስትወነጨፍ ሰውየው ቀኝ እግሩን ወደ ፊት ሰደደ። ሜዳው ላይም አንድ ለግላጋ ተከላካይ ልክ እንደሱ አደረገ፤ ጎማዋ ቅልጥሙን ገጭታ ወጣች። የጨዋታው ማብቂያ ጡሩምባ ጮኸ።

አዳራሹ በሙሉ የጎል አግቢውን ስም እየጠራ ሲጨፍር፣ ሰውየው የራሱን ቅልጥም እያሸ በድዱ ይስቃል።

«አመመህ እንዴ?» አለችው ቬርና።

«ኧረ እንዴት ደስ ይላል መሰለሽ!»