ስለምንሽ እንዳትሰጪኝ

አጎቴ ካርቱም፣ ዴም የሚባል ሰፈር ውስጥ ግንበኛ ነበር። ከፎቅ ወድቆ ወገቡ ከተጎዳ በኋላ ሕመሙ አልለቀቀውም፤ ለማስታገሻ የጀመረው ትራማዶልም ሱስ ሆነበት። ሐኪሙ ቀስ በቀስ እንዲቀንስ ሲነግረው ኪኒኑን ለእኔ ሰጠኝ። «በሰዓቱ ስጪኝ፤ ስለምንሽ ግን እንዳትሰጪኝ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ጠዋት ይህንኑ ይደግምልኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሕመሙ ጸናበት። ላብ አጥምቆት፣ ፍራሹን ጨምድዶ ይዞ «ልጄ፣ በማርያም፣ አንዲት ብቻ!» እያለ ለመነኝ። ሰዓቱ ገና ነበር፤ አንጀቴ ግን አልችል አለ። «እሺ ጋሼ» ብዬ አንዷን አወጣሁለት።

እጁን ዘረጋ። ኪኒኗን ግን አልወሰዳትም፤ መዳፌን በሁለት እጁ መልሶ ዘጋብኝ።

«ያላ፣ ይዘሻት ውጪ! ብጠራሽም እንዳትመለሺ።»

በሩ ላይ ተቀምጬ ሲያቃስት፣ ስሜን እየደጋገመ ሲጠራኝ ሰማሁ። ሰዓቱ ደርሶ ስገባ ፊቱ በእንባ ርሷል። «ኻላስ፣ አለፈ» አለና ጉንጬን ዳበሰኝ። እንዲህ ያለ ብርታት በሰው ላይ አይቼ አላውቅም።

ሕመሙ እስከ መጨረሻው አብሮት ኖረ፤ ከሱሱ ግን ነፃ ወጥቶ ነው የሞተው። ፍራሹ የነበረበት ጥግ አሁን ባዶ ነው። እዚያ ክፍል ስገባ ዛሬም ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ትልቅ ሰው ያረፈበት ቦታ ነውና።