ስለ በረዶው ጠባቂ የተደረገ ክርክር

ትርሲት ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ የመጣችው በ1995 ዓ.ም. ነው። በሁለተኛው ዓመት ራስ ዲካ በሚባለው ሰፈር፣ ባሕሩ አጠገብ በአንድ የፈረንሳይ ቤተሰብ ቤት ተቀጠረች። እዚያው እየሠራች እዚያው እያደረች ስድስት ዓመት ቆየች። ክፍሏ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ነበር፤ በሩ ቁልፍ አልነበረውም። ልጆቹም ማዳምም ሲፈልጓት ሳያንኳኩ ይገባሉ። የራሷ የሆነ ነገር ቢኖራት የዓርብ ከሰዓት ብቻ ነው።

ጓደኞቿ ዓርብ ዓርብ ባሕር ዳር ወጥተው ነፋስ ይቀበላሉ። ትርሲት ግን በሚኒባስ ካርቲየ 2 ወደሚባለው ሰፈር ሄዳ ስለ ጠፈር መርከብ ትከራከር ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ከማዳም መደርደሪያ ነው። ማዳም፣ ኤሚል ቮርዳን የሚባል፣ ከሞተ ብዙ ዘመን ያለፈው ደራሲ ትወዳለች። ሰውየው የጻፈው ሁሉ ስለ ሌላ ዓለም ነው፤ ስለ ጨረቃ፣ ስለ ማሽን፣ ገና ስላልመጣ ዘመን። ትርሲት አቧራ ስትጠርግ የሽፋኖቹን ሥዕል ታያለች። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱን ለሳምንት እንድትወስድ ጠየቀች። ማዳም ደስ አላት፤ አንባቢ ሠራተኛ አገኘሁ ብላ ለጓደኞቿ አወራች። ትርሲት ፈረንሳይኛ የምታውቀው በጆሮዋና በምላሷ እንጂ በዓይኗ አልነበረም። አልዋሸችም፤ ግን ማዳምን አላረመቻትም።

መጽሐፉን የወሰደችው ለሳቢት ነው። ሳቢት የሐረር ልጅ ነው፤ ወደብ ላይ ባለ የትራንዚት ቢሮ ጸሐፊ ሆኖ ቀኑን ሙሉ የዕቃ ፎርም በፈረንሳይኛ ሲሞላ ይውላል። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ካርቲየ 2 ካለው የሙጠሊብ ሱቅ አይጠፋም። ሙጠሊብ ሽርጥና ስስ የሴት ቀሚስ የሚሸጥ የድሬዳዋ ነጋዴ፣ ዕድሜው የገፋ፣ አባቱ በምድር ባቡር ያገለገሉ ሰው ነው። ሚስቱ ዙለይካና የትርሲት እናት ድሬዳዋ በአንድ ግቢ አድገዋል። ስለዚህ ትርሲት ያን ሱቅ እንደ ዘመድ ቤት ነበር የምትገባው።

ሳቢት መጽሐፉን ሳምንት ያቆየዋል። ዓርብ ይዞት ይመጣና ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ገጽ እየገለጠ በአማርኛ ይተርከዋል። ሙጠሊብ ጫቱን ይዞ ጥግ ይቀመጣል። ዙለይካ ጨርቅ እያጠፈች ትሰማለች። ትረካው ሲያበቃ ክርክሩ ይነሣል፦ ከሽማግሌው ልብ ወለዶች የትኛው ይበልጣል? ደራሲውን ሽማግሌው የሚሉት በጀርባ ሽፋኑ ላይ ባለው ረጅም ጢም ምክንያት ነው። ሳቢት በክርክሩ አይገባም። ተራኪ አይፈርድም የሚለውን ደንብ ያወጣው ራሱ ነበር።

ሙጠሊብ የቆመው ለ«አሥረኛው ጨረቃ ወደብ» ነው። በዚያ መጽሐፍ ከዋክብትን አቋርጠው የመጡ መርከቦች አርባ ዓመት ወረፋ ይጠብቃሉ። ካፒቴኖቹ በወረፋው ላይ ያረጃሉ፤ ልጆቻቸው ማኅተም ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታሉ። ይህን የመሰለ እውነት ተጽፎ አያውቅም ይላል ሙጠሊብ።

ትርሲት የያዘችው «የበረዶው ጠባቂ»ን ነው። ውኃ በደረቀበት ፕላኔት የመጨረሻው በረዶ በአንድ መጋዘን ተቆልፏል። ባለቤቶቹ ወደ ቀዝቃዛ ዓለም ሄደዋል። ቁልፉ ያለው በአንዲት ሠራተኛ እጅ ነው። መርከብ በመጣ ቁጥር የባለቤቶቹን ወሬ ትጠይቃለች፤ የሚያውቃቸው የለም። ውጭ ሰው በጥም ይወድቃል። በመጨረሻ በሩን ትከፍተዋለች። ሕዝቡ በረዶውን ተሸክሞ ሲሄድ ደጃፉ ላይ ትቀመጥና ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቁራጭ አፏ ውስጥ ታደርጋለች።

«ሴትየዋ እኮ ሌባ ናት» ይላል ሙጠሊብ። «አደራ በላች።»

«አደራ ባለቤት ሲኖረው ነው፣ ጋሽ ሙጠሊብ። የማይመለስ ሰው አደራ የለውም።»

እንዲህ እየተባባሉ ስድስት ዓመት ሄደ። ሌሎች መጻሕፍትም ተተረኩ፤ ሁለቱም ግን ከያዙት አልተነቃነቁም። ትርሲት አንድ የማይሸነፍ ማስረጃ ነበራት። ሽማግሌው ይህን ሙቀትና ይህን ሁሉ ማኅተም የጻፈው አንድ ቀን ጅቡቲ ወደብ ወርዶ ቢሆን ነው ትላለች። ይህን ባለች ቁጥር ሙጠሊብ ጉንጩ በጫት እንደተወጠረ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃል። አፉን የዘጋችው ይመስላት ነበር።

በ2002 ዓ.ም. የማዳም ባል ውል አለቀ። ሐምሌ ላይ ቤቱ ሊዘጋ፣ ትርሲትም ሌላ ጓዳ ልትፈልግ ሆነ። በዚህ መሃል ማዳም መልካም ወሬ አመጣች። የአንድ ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ክፍል ኃላፊ የሆነች ጓደኛዋ መጻሕፍት የምትደረድር፣ ሽፋን የምታለብስ፣ ክፍሉን የምትጠብቅ ሴት ትፈልጋለች። ሥራው በግቢው ውስጥ አንዲት ትንሽ ክፍል አለው። ክፍሏ ቁልፍ አላት። ማዳም፣ ቮርዳንን የምታውቅ ሠራተኛ አለችኝ ብላ ነግራታለች፤ ሴትየዋም ሰኞ ምሳ ላይ መጥታ ስለምትወደው መጽሐፍ ልትጠይቃት ነው።

ትርሲት ይህን ይዛ ዓርብ ሱቁ ደረሰች። ስለ ሥራው ተናገረች፣ ስለ ቁልፉ ሁለት ጊዜ ተናገረች። ሳቢት የትኛውን መጽሐፍ ልታወራ እንዳሰበች ጠየቃት። ስትነግረው ጊዜ የእጁን ጥፍር እያየ አሳጥረሽ ተናገሪ አላት። ዙለይካ ከምታጥፈው ጨርቅ ቀና አላለችም። ሙጠሊብ ግን ለእኛ እንደምትነግሪን ንገሪያቸው ብሎ አበረታታት።

ሰኞ ፍራፍሬውን ካቀረበች በኋላ እንግዳዋ ጠየቀቻት። ትርሲት ባዶውን ትሪ እንደያዘች ቆማ፣ በወጥ ቤት ፈረንሳይኛዋ ከመጀመሪያው ጀመረች። አላሳጠረችም። መርከቦቹን፣ ጥሙን፣ በሩን ተናገረች። በረዶው የጠባቂዋ አፍ ውስጥ ሲገባ ከገበታው የሚበላ ሰው አልነበረም።

እንግዳዋ ጨዋ ሴት ናት። መነጽሯን አወለቀች።

«በዚያ መጽሐፍ ሴት የለችም» አለች ቀስ ብላ። «ጠባቂው ማሽን ነው። በሩም አይከፈትም።»

የማዳም ባል ሳቀና የሚስቱን ፊት ሲያይ አቆመ። ማዳም ተነሥታ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አወጣች፤ የመጨረሻዎቹን ገጾች አየች፤ ዘጋችው። አንብበሽዋል ወይ ብላ ጠየቀቻት። ትርሲት አላነበብኩም አለች። ሌላ የተጠየቀ ነገር የለም። እንግዳዋ ስትወጣ እጇን ጨብጣ፣ ምናብሽ ሰፊ ነው አለቻት። ሐሙስ ሥራው ለሌላ ሴት ተሰጠ።

ዓርብ ትርሲት መጽሐፉን ከማዳም ለምና ካርቲየ 2 ሄደች። ሰላምታ አልሰጠችም። መጽሐፉን ሳቢት ጉልበት ላይ አስቀመጠችው።

«አንብብ።»

«ምን ሆነሻል?»

«አንድ መስመር። እንደተጻፈው፣ በፈረንሳይኛ።»

ሳቢት ከፈተው። ጣቱ ሦስት ቃል ሄዶ ቆመ። ክብደት፣ ብዛት፣ መነሻ አገር፣ ተቀባይ፤ ከእነዚህ የፎርም ቃላት ያለፈ ፈረንሳይኛ አልነበረውም።

«አርእስቱን እገምታለሁ» አለ። «ሥዕሉንም አያለሁ። የቀረው...»

«የቀረው ያንተ ነው።»

«የኔ ነው።»

ወደ ሙጠሊብ ዞረች። በሚኒባስ ስትመጣ ያሰበችው ስለ ሳቢት ብቻ አልነበረም። ሥራው በፈረንሳይኛ የነበረው የምድር ባቡር ሰው ልጅ ፈረንሳይኛ ማንበብ ይችል እንደሆነ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዴት እንዳልጠየቀች ስታስብ ነው የመጣችው። ሙጠሊብ ሱቁ በር ላይ የሚዘረጋው ጋዜጣ በምን ቋንቋ እንደሆነ ታውቃለች።

«እርስዎስ ጋሽ ሙጠሊብ? ከመቼ ጀምሮ ያውቃሉ?»

«ከመጀመሪያው ዓርብ» አለ። አልተደናገጠም። «ሳቢት ለአፍታ ወጣ ሲል መጽሐፉን ገልጬ አየሁት። ከተጻፈው የእሱ ትረካ ይጥማል፤ ዝም አልኩ። ግን ክርክራችን የእውነት ነበር፣ ልጄ። አንድም ቀን ላስደስትሽ ብዬ አልተከራከርኩም።»

«ያለፈው ዓርብስ? ቁልፍ ያለው ክፍል ነው ስልዎት?»

ሙጠሊብ ጫቱን ከፊቱ ገፋ። ዙለይካ ከበሩ አጠገብ ሆና ንገሯት ብዬ ነበር አለች።

«ለነሱ ነግረሻል» አለች ትርሲት። «ለእኔ አልነገርሽኝም።»

መጽሐፉን አንሥታ ወጣች። ሳቢት እስከ መንገዱ ዳር ተከተላት። የሽፋኑ ሥዕል ቆሞ የሚጠብቅ ነገር መሆኑን እንጂ ወንድ ይሁን ሴት እንደማይለይ፣ ሴት ያደረጋት በተረከበት ዕለት ትርሲት ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ስለነበር እንደሆነ ነገራት። ይቅርታ የጠየቀ መስሎታል።

«እኔን ታሪኩ ውስጥ ባታስገባኝ ኖሮ ዛሬ ሥራ ይኖረኝ ነበር» አለችውና ሚኒባሱ ውስጥ ገባች።

ማዳም አገሯ ስትገባ «የበረዶው ጠባቂ»ን ለትርሲት ትታላት ሄደች። አዝናላት ይሁን ሻንጣው ሞልቶባት አይታወቅም። ትርሲት ካርቲየ 4 ከአንድ የጅቡቲ ቤተሰብ ቤት ተቀጠረች። ከሦስት ሴቶች ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ታድራለች። ታናሽየዋ የፈረንሳይኛ ፊደል ልትማር ደብተር ስታወጣ ትርሲትም አብራ ትቀመጣለች። ልጅቷ የምታነበውን ታነባለች፣ የምትጽፈውን ትጽፋለች። አስተማሪዋ በደብተሩ ላይ በቀይ ቀለም ልጅቷን ስትቆጣ እሷንም የተቆጣች ያህል ይሰማት ነበር።

መጽሐፉን ለመጨረስ አራት ዓመት ፈጀባት። ጨረሰችውም። አብዛኛው ስለ ሙቀት መጠንና ስለ ግድግዳ ውፍረት የሚያወራ ነው። ማሽኑ አይጠይቅም፣ አይጠራጠርም። በረዶው በተዘጋው በር ውስጥ ይቀልጣል፤ ውኃው በበሩ ሥር ሾልኮ አሸዋው ይጠጣዋል፤ ማሽኑ ሁሉም ደህና ነው ብሎ ለባለቤቶቹ ሪፖርት ይልካል። በዚያው ያበቃል።

ልብስ እያጠበች ብዙ ቀን አሰበችበት። ውኃው በበሩ ሥር ሲሾልክ፣ ጠባቂው ግን በሩን ሲጠብቅ፣ ይህን ሳቢት አያስበውም ነበር። ለሽማግሌው አንድ ነጥብ ሰጠችው። ሚዛኑን አንሥታ ስታየው ግን የሳቢቱ ይበልጣል። ከሁሉ ያበሳጫት ይህ ነው። መጥፎ ውሸት ቢሆን ኖሮ ጥላው ትሄድ ነበር።

ይህን ክርክር ብታነሣው የሚገባቸው ሰዎች በከተማው ውስጥ ሁለት ብቻ ነበሩ። በአንድ ዓርብ ከገበያ ስትመለስ ሚኒባሱ በካርቲየ 2 በኩል አለፈ። ከመስኮቱ የሱቁ በር ይታያል፤ ቀሚሶቹ ውጭ ተሰቅለዋል፣ ጥላው ውስጥ የተቀመጠ ሰው አለ። ሾፌሩ በሱማልኛ የሚወርድ እንዳለ ጠየቀ።

ትርሲት ዘምቢሏን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች፤ ሚኒባሱ ሳይቆም ቀጠለ።