በእትዬ ዘነበች ላይ የሳቅነው ሳቅ

እትዬ ዘነበች ዛሬ ጠዋት ደብተራቸውን ፌስታል ውስጥ ከተው ከእንግሊዝኛ ክላሳችን ወጥተው ሄዱ። ተናድጃለሁ፤ በራሴም ጭምር።

እትዬ እዚህ ኡጋንዳ፣ ካባላጋላ የሚባል ሰፈር ምግብ ቤት አላቸው። ሁለት ወር ሙሉ ከኋላ ሲቀመጡ አንድም ቀን አፋቸውን ከፍተው አያውቁም።

ዛሬ ኡጋንዳዊቷ አስተማሪያችን ለሰው «ሁ»፣ ለዕቃ «ዊች» እንደሚባል አስረድታ ምሳሌ ስትጠይቅ እጃቸውን አወጡ። ተነስተውም «ማይ ሰን ዊች ኢዝ ሲክ...» ብለው ጀመሩ።

አላስጨረስናቸውም። አስራ ምናምን ሐበሻ በአንዴ አሽካካ። አንዱማ «እትዬ፣ ልጁን ዕቃ አደረጉት እኮ!» አለ። እሱ ራሱ ቻፓቲ የሚባለውን ቂጣ ለመግዛት በጣቱ የሚጠቁም ሰው ነው።

አስተማሪዋ አልሳቀችም። «ልጄ ታሟል ነው ያሉት። እኔ ገብቶኛል፤ እናንተ ምን ሰምታችሁ ነው የምትስቁት?» አለችን።

እትዬ በሩን ዘግተው ከወጡ በኋላ ደግሞ «እናንተ ሐበሾች ክላስ ውስጥ ለምን ዝም እንደምትሉ ዛሬ ገባኝ» አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የቦዳ፣ የሞተር ታክሲው ነጂ እንግሊዝኛውን እንዳሻው እየሰባበረ ሙንዮንዮ ሰፈር ድረስ ያደርሰናል፤ አንስቅበትም። የእናታችን እኩያ ሲሳሳቱ ግን ሆዳችንን ይዘን እንንከተከታለን።

አዎ፣ እኔም ስቄያለሁ። አሁን ልጃቸውን ምን እንዳመመው ልጠይቅ ብደውል ስልክ አያነሱም።

እስቲ ንገሩኝ፤ እናንተስ እንግሊዝኛ ልትሞክሩ አፋችሁን ስትከፍቱ መጀመሪያ የሳቀባችሁ ማን ነበር? የውጭ ሰው ነው ወይስ የኛው?