ቁልቁለቱ የመሰከረላት ሴት

ሸዋ ሮቢት፣ ጎማ ላስጠግን የቆምኩበት ጋራዥ ውስጥ አየኋት። ጠና ያለች ሴት ናት፤ እጇ ላይ የማይሠራ የወንድ ሰዓት አስራለች። አዲሷ ፒካፗ የሞተር ዘይት ታቃጥላለች።

መኪናዋን ሊያይ የመጣው የሻጩ ድርጅት መካኒክ፣ «እትዬ፣ ለሽንኩርት ጭነት ባሌስትራ አስጨምረዋል። ሞተሩን የጎዳው ጭነቱ ነው፤ ዋስትናው አይሠራም» አላት።

«ልጄ፣ ጭነት ቢሆን ዳገት ላይ ታጨስ ነበር። እሷ የምታጨሰው ቁልቁለቱን ጨርሼ ቤንዚን ስረግጥ ነው። ባዶዋን የጣርማ በርን ቁልቁለት ሳወርዳት ከኋላዬ ተከተለኝ።»

ሰዓቱን በሻሿ ጫፍ ወልውላ መሪ ጨበጠች።

እኔ ገና ጎማዬን እየጠበቅሁ ሳለ አመሻሹ ላይ ተመለሱ። መካኒኩ ከተከተለበት መኪና እያሳለ ወረደ። «ጭሱን ጠጣሁት! ዘይት የሚያግደው የቫልቭ ጎሚኒ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ዘይቱን ወደ ውስጥ ያሳልፋል። ጥፋቱ የፋብሪካው ነው። እኛ እንቀይራለን።»

«አልሐምዱሊላህ!» ከመኪናዋ ወንበር ስር፣ መንገድ ላይ የምትጨምርላትን የዘይት ጀሪካን አውጥታ አስታቀፈችው። «በል፣ እስክትድን አንተ አጠጣት!»