የመሊካ ሆድና የእትዬ ሰይዳ ጉርሻ

መሊካ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ከማሾው ውስጥ ጠጠር ትለቅማለች። ጣቷ ጠጠር ላይ ይሁን እንጂ ልቧ ሌላ ዘንድ ነው፤ ነገ ለአማቷ ነፍስ በሚወጣው ሰደቃ ላይ ሰይዳ የምትቀመጥበትን ቦታ ያስባል።

ሰይዳ የባሏ ታላቅ እህት ናት። አምና በልጇ ሰርግ ሴቶቹ ትሪ ከበው ሲበሉ፣ መሊካ "በቃኝ" ብትልም ሰይዳ ጥሬ ሽንኩርት የበዛበት ማሾ ጠቅልላ "በሞቴ!" አለቻት። የባል እህት ጉርሻ አይመለስምና ዋጠችው። ወዲያው ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፋ፤ ቁርጠቱ ሲይዛት ተነስታ ሮጠች። ተመልሳ ሳትደላደል እንደገና ተነሳች። ያን ጊዜ ሰይዳ፣

"መንገድ ልቀቁ! ባጃጇ ተነሳች!" ብላ ጮኸች።

ዳሱ በሳቅ አውካካ። ከዚያ ወዲህ ሸዋ ሮቢት ገበያ ስትወጣ ሽንኩርት ሻጮቹ እንኳ "ባጃጅ፣ ነዳጅ ሞላሽ?" ይሏታል። መሊካ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች፤ ቂሟ ግን አንገቱን አልደፋም።

የሆዷ ነገር የቆየ ነው። አንድ ሰሞን ያጣድፋታል፣ ሌላ ሰሞን ያደርቃታል፤ ሲወጣላት ቁርጠቱ ይተዋታል። የአሜባም የጃርዲያም ኪኒን ስትውጥ ኖራ፣ በመጨረሻ ፋዲላ የምትባል ሐኪም የምርመራውን ውጤት አይታ፣

"አንጀትሽ አልቆሰለም፤ ቁጡ ነው" አለቻት። "ሌላ ሰው የማይሰማውን እሱ ይሰማል። ጭንቀትም ያስቆጣዋል። የሚነሳብሽን ምግብ አንድ በአንድ እየተውሽ እዪው፤ ጥቂት ጥቂት፣ ቀስ ብለሽ ብዪ። ደም ካየሽ ወይም ከከሳሽ ግን ቶሎ ነይ።"

መሊካም ደረሰችበት። ጥሬ ሽንኩርት፣ ማሾና ወተት ተወች። አመሻሽ ላይ በእግሯ ወጣ ማለት ለመደች። ሆዷ ረገበ።

ባለፈው አረፋ ታዲያ ሰይዳን አየቻት። በር በሩን ይዛ ትቀመጣለች፣ መቀነቷን ታላላለች፣ ማሾ ሲቀርብ ፊቷን ታዞራለች። መሊካ ይህን ምልክት ከራሷ ገላ ታውቀዋለች። "አገኘሁሽ" አለች በልቧ።

ማሾው በተለቀመ ማግስት የሰደቃው ትሪ ቀረበ። ሰይዳ በሩ ጥግ ሆና ደረቅ እንጀራ ትቆነጥራለች። መሊካ ማሾውን በሽንኩርት ሞልታ ጠቀለለች።

"እትዬ ሰይዳ፣ ይቺን ብቻ።"

"ጠግቤያለሁ፣ አልሐምዱሊላህ።"

"በሞቴ!"

"ኧረ መሊካ፣ ሆዴን ትንሽ…"

"የእናትዎን ሰደቃ ሊመልሱ ነው?"

ሴቶቹ ሁሉ ቀና ብለው አዩ። ሰይዳ አፏን ከፈተች።

"አንድ ያጣላል" አለች መሊካ፤ ከመጀመሪያው የተለቀ ደገመችላት።

ዱዓው ሳይጀመር ሰይዳ ሆዷን ይዛ ወደ ጓሮ ሮጠች። መሊካም ዕቃ እንደሚያነሳ ሰው ተከተለቻት። ከሽንት ቤቱ ቆርቆሮ ጀርባ ድምፅ መጣ።

"መሊካዬ፣ አንቺ ነሽ? ውሃ የለም እዚህ። በአላህ፣ ማንም ሳይሰማ አምጪልኝ።"

"መጣሁ እትዬ፣ መጣሁ!"

ጆጉን ከበርሜሉ ሞላች፤ ይዛ መንገድ ጀመረች። ደግሞ ቆመች። ጆጉን ጥላ ሥር በቀስታ አስቀምጣ፣ ወደ ሴቶቹ ተመልሳ ቦታዋን ያዘች።

"ሰይዳስ?" አለች ራሕማ የምትባል ጎረቤት።

"ትመጣለች" አለች መሊካ። "እናንተ ብሉ፣ ዛሬ ምን ያስቸኩላል?"

"መሊካ!" ይላል ድምፁ ከጓሮ። እሷ ቀስ ብላ ታኝካለች።