«በደስታ ነው የምታለቅሰው በያት»

ነገሩ ከሆነ ዓመት አልፎታል። ለሰው ላወራው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ብጽፈው ይሻለኛል ብዬ ነው።

ሸዋ ሮቢት የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። ግንቦት ላይ አንድ የውጭ ድርጅት ከተማችን ካለ ሆቴል ስለ ጎጂ ማኅበራዊ ልማዶች የልምድ ልውውጥ አዘጋጀ። ከባሕር ማዶ ለመጣች እንግዳ እንዳስተረጉምላት ጠሩኝ። ሙቀቱ አያድርስ ነው። አዳራሹ በሹማምንት፣ በሽማግሌዎችና ከቀወት ወረዳ በመጡ ገበሬዎች ጢም ብሏል።

ፊት ወንበር ላይ እትዬ ዘይነባን አየኋቸው። ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ልጃቸው ሐያት ተማሪዬ ነበረች። ድንገት ትምህርት ስታቋርጥ «ታማ ለሕክምና ሄዳለች» ተብሎ አዝኜ ነበር።

ስብሰባውን የሚመራው ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሽቶው ከሩቅ የሚሸት ሰውዬ ነው። ጥቂት ካወራ በኋላ መብራት አስጠፍቶ ቪዲዮ ከፈተ። ግድግዳው ላይ እትዬ ዘይነባ ቁልጭ ብለው ወጡ።

«የአባቷ ወንድም ልጄን ለአንድ ነጋዴ ሊድርብኝ ነበር» ይላሉ። «ታማለች ብዬ ዋሸሁና ማጀቴ ከተማ እህቴ ዘንድ ደበቅኋት። አልሃምዱሊላህ፣ እዚያ እየተማረች ነው።»

ደነገጥኩ። ያ የባላቸው ወንድም ከሽማግሌዎቹ ጋር ኋላ ተቀምጧል።

እትዬ ዘይነባ ሻርፓቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። «ያ ረቢ! ስትቀርጹኝ የቡድናችን ሴቶች ብቻ ናቸው የሚያዩት አላላችሁኝም? እኔ ለሴቶች ነው ያወራሁት!» ብለው ጮኹና ማልቀስ ጀመሩ።

ሰውዬው «አጨብጭቡላቸው!» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ።

እንግዳዋ ወደ እኔ ዞራ ምን እንደሚሉ ጠየቀችኝ። አፌን ሳልከፍት ሰውዬው ማስቲካውን እያኘከ ጆሮዬ ሥር መጣ።

«በደስታ ነው የምታለቅሰው በያት።»

እትዬ ዘይነባ ያሉትን አንድም ሳላስቀር ተረጎምኩላት። ፊቷ ተለዋወጠ። ምን እንደተፈጠረ ስትጠይቀው እሱ እየሳቀ፣ «ችግር የለም፣ ስሟን ቀይረናል» አላት። እውነትም ከዚያ ትልቅ ፊት ሥር «ፋጡማ» ተብሎ ተጽፏል። እንግዳዋ አቀረቀረች።

ወደ ኋላ ስዞር የባላቸው ወንድም ወንበር ባዶ ነው።

እትዬ ዘይነባን እጃቸውን ይዤ ወደ ግቢው ወጣሁ። ስልካቸውን መንካት እንኳ አቃታቸው፤ እኔ ደወልኩ። እህታቸው እንዳነሳች «ሐያትን አሁኑኑ ከቤት አውጪያት! እየመጣ ነው!» ብለው ጮኹባት።

እህትየዋ ልጅቷን ይዛ ጎረቤት ካሉ አንድ ሼህ ቤት ገባች። አጎትየው ደርሶ በሩን ሲደበድብ ሼሁ ራሳቸው ወጡ። «ልጅቷ የእኔ እንግዳ ናት። ሳትወድ ኒካህ የለም፤ ይህን አንተም ታውቃለህ» አሉት። ተሳድቦ ተመለሰ። ይህን በስልክ እስክንሰማ እትዬ ዘይነባ ከተቀመጡበት ድንጋይ አልተነሱም።

ቦርሳዬን ልወስድ ስገባ ሰዎቹ ምሳ ላይ ናቸው። ሰውዬው የፍየል ጥብስ በሁለት እጁ ይዟል፤ ቅባቱ አገጩ ላይ ወርዷል።

«አጎቷ ልጅቷን ሊወስዳት ሄዶ ነበር እኮ» አልኩት።

«ልማድ ሲሰበር መንጫጫት ያለ ነው» አለኝ እያላመጠ። «ለቅሶዋንም ቀርጸነዋል፤ ለሪፖርት ቆንጆ ነው።»

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ሐያት እዚያው ማጀቴ፣ አጎቷ የማያውቀው ሌላ ቤት ሆና ትማራለች። እናቷ ግን ልጃቸውን ለማየት በሄዱ ቁጥር መንገድ ላይ የሚከተላቸው ሰው እንዳለ ለማየት ዘወር ዘወር እያሉ ነው። በቀወት እትዬ ዘይነባና ሌሎች ሴቶች የሚሰባሰቡበት ቡድንም ፈረሰ። በዚያ ቡድን ተመካክረው ስንት ልጅ ከጋብቻ አስጥለዋል። ከዚያ ወዲያ ግን ማን አፉን ይክፈት?

በቅርቡ ድርጅቱ ሌላ ሰው ልኮ ሴቶቹን እንደገና ሊሰበስብ ሞከረ። አንዲትም አልሄደች። እትዬ ዘይነባን ገበያ ላይ አግኝቻቸው፣ «እርስዎስ አልሄዱም?» አልኳቸው።

«ቲቸር፣ ወላሂ ያን አጎቷን እንኳ እንደ እነሱ አልፈራውም» አሉኝ።

የያዘኝ ንዴት ቢሆን እስካሁን ይበርድልኝ ነበር። ይሄ ግን አጸያፊ ነገር እንደነካ እጅ ነው፤ ብታጠብ ብታጠብ አልለቀቀኝም።