ኦቾሎኒ የማይገባበት ቤት

ኦቾሎኒ ሲቆላ መጀመሪያ የሚሸተው አፈር አፈር ነው፤ ቆየት ብሎ ቅባቱ ይወጣና ይጣፍጣል፣ ከዚያ ለአፍታ ከዘነጉት ያርራል። ይህን የማውቀው ለንደን፣ ኪልበርን ዋናው መንገድ ላይ ቆሎ፣ ቅመምና ለውዛ ለውዝ ስሸጥ በተቃጠለ እጄ ነው። ታዲያ ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያውን መጥበሻ ጥጄ ያ የአፈር ሽታ ብድግ ሲል፣ ዛሬም ድረስ ሳላስበው ወደ በሩ ዞር እላለሁ፤ አባቴ ከሥራ መጥቶ ድንገት የሚደርስብኝ ይመስለኛል። በልጅነቴ ቤታችን ኦቾሎኒ አይገባም ነበርና።

የምንኖረው ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ሰፈር፣ ሊፍቱ ከሚሠራበት ቀን የማይሠራበት በሚበዛ የማዘጋጃ ቤት የኪራይ ፎቅ ላይ ነበር። ጎረቤት ቤት የሚከለከለው አሳማ ወይ ሲጋራ ነበር፣ አንዳንዱ ቤት ደግሞ የሆነ የአጎት ልጅ፤ እኛ ቤት የተከለከለው ኦቾሎኒ ነው። ምክንያቱ አንድ የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ነበር፤ ሰውየው ሥልጣን ከመያዙ በፊት ኦቾሎኒ ያመርት ስለነበር አባቴ ከነምርቱ አውግዞታል። ስሙን እንኳ አይጠራውም ነበር። የመሪ ስም ጮክ ብሎ የጠራ በማግስቱ ከቤቱ ከሚጠፋበት ዘመን የመጣ ሰው ስለሆነ፣ እኛ ቤት ፕሬዝዳንቶቹ ሁሉ የሚታወቁት በሙያቸው ወይም በመልካቸው ነበር፦ ገበሬው፣ ተዋናዩ፣ አባትየውና ልጅየው፣ ባሮቹን ነፃ ያወጣው ደግሞ ረጅሙ።

ቅዳሜ ማታ የአባቴ ጓደኞች ይመጡና ከአሜሪካ ፕሬዝዳንቶች የትኛው ይሻላል፣ የትኛው ይከፋል እያሉ ይከራከሩ ነበር። ሃበሻ ለንደን ተቀምጦ ምን አገባው ይባል ይሆናል። እኔ ግን ነገሩ ዘግይቶ ገብቶኛል፤ ስለ አገራቸው መሪዎች ካወሩ ቂም ይያያዛሉ፣ ስለ እንግሊዙ እንዳያወሩ ደግሞ ቤት የሰጠን ሰው ማማት ነውር ነው ይላሉ፤ ስለዚህ ለመናከስ የተረፏቸው አሜሪካኖቹ ነበሩ። ረጅሙን ሁሉም ያወድሰው ነበር፣ ተዋናዩን ግማሾቹ በድርቁ ጊዜ ስለላከው ስንዴ ያመሰግኑታል፤ ገበሬው ሲነሣ ግን አባቴ ብርጭቆውን ያስቀምጥና ጨዋታው በዚያው ያበቃ ነበር።

አባቴ አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ከመሆኑ በፊት ኦጋዴን የታንክ መካኒክ ነበር። እሱ እንደሚለው ታንኮቹ አሜሪካን ሠራሽ ነበሩ፣ መሣሪያውና መለዋወጫውም ተከፍሎበት ነበር፤ ገበሬው ግን ዕቃውን አስቀረው። ታናሽ ወንድሙ ደምሴ መለዋወጫ አጥቶ በቆመ ታንክ ውስጥ ቀረ። ይህንን ያወቅነው ከእናታችን ነው፤ አባቴ የደምሴን ስም ለእኛ እንኳ አይጠራም ነበር። ለእኔ የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ገንዘብ ተቀብሎ ዕቃ የሚያስቀር ሰው እጁን አትጨብጪ።»

ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ አሜሪካኖቹ ልጅየውን እንደገና እንምረጠው አንምረጠው እያሉ በቴሌቪዥን ሲጨቃጨቁ፣ እህቴን ማርታን ሊጠይቁ ሽማግሌ ተላከ። ማርታ ከእኔ በብዙ ዓመት የምትበልጥ ነርስ ነበረች፤ ልጁ ዮናታን የክሮይደን ልጅ ነው፣ ጴንጤ። እናቴ እኛ ኦርቶዶክስ ስለሆንን ጠቡ በሃይማኖት ይመጣል ብላ ለሳምንት እንቅልፍ አጥታ፣ ለአባቴ የምትመልስለትን ሁሉ አጥንታ ነበር። ጥናቷ ከንቱ ቀረ፤ ስለ ሃይማኖት የጠየቀ አልነበረም።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ከነካፖርታቸው ሳሎኑ መሐል ቆሙ። አፈ ጉባኤያቸው ጋሽ ተካ ነበሩ፤ ክሮይደን ለስደተኞች የሚያስተረጉሙ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ታሪክ ተናግረው የራሳቸውን የማይናገሩ፣ አንድ ጉልበታቸው የማይታጠፍላቸው ሽማግሌ። እኔና ማርታ የኩሽናውን በር ገርበብ አድርገን እናይ ነበር።

«ቁጭ በሉ እንጂ» አለ አባቴ፣ እንደ ደንቡ።

«ጉዳይ አለን፤ ሳይሰማልን አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ተካ፣ እንደ ደንቡ።

ስለ ልጁ ሥራ ተጠየቀ፣ መጠጥ ይቀምስ እንደሆነ ተጠየቀ፣ ነገሩ በቅባት እንደተነከረ ቁልፍ ያለ ችግር እየዞረ ነበር። እናቴ ይህን አይታ፣ የዮናታን እናት የላከችውን ፌስታል ከፍታ ቆሎውን ሳህን ላይ አፈሰሰችና ለአባቴ አቀረበችለት። አንድ ጭብጥ አፉ ውስጥ ጨመረ። መንጋጋው ቆመ። ከዚያ አንዷን ፍሬ አውጥቶ መዳፉ ላይ አያት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቆሎ ነዋ» አለች እናቴ፣ እሷም ገና እያየችው።

«ቆሎውንማ አውቀዋለሁ። ይሄኛውን ነው።»

ጋሽ ተካ ፈገግ አሉ። «ኦቾሎኒ አይስማማዎትም? አለርጂ አለብዎት እንዴ?»

«አለብኝ» አለ አባቴ። «ገበሬውን ሳስብ ነው የሚነሣብኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፍ ነበር። ጋሽ ተካ የትኛውን ገበሬ እንደሆነ ወዲያው ገባቸውና ፈገግታቸውን ሰበሰቡ። «አቶ ሽፈራው፣ የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነው። ግን ያንን ሰውዬ በፊቴ አይንኩብኝ። አሜሪካ ካፈራቻቸው ሁሉ የሱን ያህል የለም።»

«የሱን ያህል ክፉ ማለትዎ ነው?»

«የሱን ያህል ሰው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉንፋን ሳይኖርበት አሳለው። ሌላው «እንግዲህ ስለ ልጆቹ…» ብሎ ጀመረ። አባቴ ፍሬዋን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ እጁን ጠራረገ።

«ጉዳያችሁን ሰምቻለሁ። ዘመድ አማክሬ መልስ እሰጣለሁ» አለ።

ይህም ደንብ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የለም። ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ ‹በዚህ ቀን ተመለሱ› ይባላል። አባቴ ቀን አልቆረጠም። ሽማግሌዎቹ ትንሽ ጠበቁ፣ ከዚያ ወጡ፣ ጋሽ ተካ የደረጃውን ብረት ይዘው እያነከሱ ሲወርዱ የእግራቸው ድምፅ እስከ ታች ይሰማን ነበር። ማርታ እጄን ጨብጣው ስለነበር ጣቶቼ ደንዝዘዋል።

ከዚያ ብርዱ መጣ፣ ቤቱም ከውጭው ባሰ። ማርታ ከአባቴ ጋር አትነጋገርም ነበር፤ ጨው እንኳ የምትጠይቀው በእኔ በኩል ነው። ማዘጋጃ ቤት ሄዳ ፈርማ መምጣት ትችል ነበር፣ ዮናታንም ብሏታል፤ እሷ ግን ያለ አባቴ እሺታ አላገባም ብላ አመት በዓሉንም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አሳለፈችው። አንድ ቀን ብቻ በሩ ላይ ስታገኘው «ሲሪየስሊ አባባ? በአንድ ኦቾሎኒ?» አለችው። አባቴ ጫማውን እያሠረ ቀና አላለም። እናቴ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ዓይኗን ተክላ፣ የዮናታን ዘመዶች ተስፋ ቆርጠው ሌላ ቤት እንዳይልኩ ትሰጋ ነበር።

በዚያው ሰሞን አባቴ ላይብረሪ ይዞኝ ሄደና የአሜሪካ ፕሬዝዳንቶች ሁሉ ታሪክ ያለበትን ወፍራም መጽሐፍ ተዋስን። ከሥራ ሲመለስ እጁን ታጥቦ ይቀመጥና እኔ እያነበብኩ በተሰባበረ አማርኛዬ እተረጉምለት ነበር። ክርክሩን በማስረጃ ሊያሸንፍ ነበር ያሰበው፤ ከገበሬው የሚከፋ እንደሌለ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሊያረጋግጥ። ለእያንዳንዱ ሥዕል «ይሄስ ምን አጠፋ?» ይለኛል፣ እኔም የገባኝን እነግረዋለሁ። ገና ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ጀምሮ ባሪያ የነበራቸው መጡ።

«ሰው የገዛ ሰው?»

«ሰው የገዛ።»

«ፕሬዝዳንት ሆኖ?»

«ሆኖ።»

አንዱ ደግሞ የአገሩን ነባር ባላገሮች ከመሬታቸው ነቅሎ በእግራቸው የሰደደ ነበር፤ ሕፃናቱ በመንገድ እንዳለቁ ስነግረው አባቴ ተነሥቶ መስኮቱን ከፈተ፣ በዚያ ብርድ። እኔም ልጅነት ነውና «እንግዲያ ከገበሬው የባሰ አለ» አልኩት።

«አለ» አለ። «እነሱን ግን ደምሴ አያውቃቸውም።»

ስሙን ከአፉ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ገበሬው ጋ ስንደርስ ወንበሩን አስጠጋ። መጽሐፉ እንደሚለው አንዳንዱ ሰው ደካማ ነበር ይለዋል፣ አንዳንዱ እውነተኛ ነበር ይለዋል፤ ስለ እርሻው ነበር፣ ስለ ነዳጅ ወረፋ ነበር፣ ስለ ልጅነቱ ነበር። ገጹን ገለጥኩ፣ ሌላው ሰውዬ መጣ።

«ዘለልሽ» አለኝ።

«አልዘለልኩም።»

«ስለ እኛስ?»

ወደ ኋላ ተመልሼ በጣቴ እየተከተልኩ ቼክ አደረግኩ። ስለ እኛ አገር አንድ መስመር አልነበረም። አባቴ መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ፣ እንግሊዝኛውን ማንበብ ባይችልም፣ ገጾቹን ለረጅም ጊዜ አያቸው፤ ከዚያ ዘግቶ «መልሺላቸው» አለኝ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ዛፎቹ ቅጠል ሲያወጡ፣ አባቴ እናቴን «ሰዎቹን ጥሪያቸው፤ ያ አፈኛው ሰውዬም እንዳይቀር» አላት። ለምን እንደሆነ አልነገራትም። እምቢታውን ፊት ለፊት ሊነግራቸው ነው ብላ ስለገመተች ወጥ ስትሠራ ሁለት ጊዜ ጨው ጨመረች።

ሊፍቱ የዚያን ቀንም ቆሞ ነበር። ጋሽ ተካ ደረጃውን ሁሉ በዚያ ጉልበታቸው ወጥተው ሲገቡ ከንፈራቸው ነጥቶ ነበር። መጥተው እንደ በፊቱ ቆሙ። ስለ ዝናቡ ተወራ፣ ስለ ክሮይደን ትራም መዘግየት ተወራ፤ ስለ ፕሬዝዳንት እንዳይነሣ ሽማግሌዎቹ ተማምለው እንደመጡ ከአወራራቸው ያስታውቅ ነበር።

«ቁጭ በሉ» አለ አባቴ።

«ሳይሰማልን አንቀመጥም።»

«እንግዲያው ቆመን እንጨርሰዋለን» አለና እሱም ተነሣ። ማርታ ኩሽና ውስጥ ወደ በሩ ተጠጋች። «ጋሽ ተካ፣ ያ ሰውዬ ለእርስዎ ምን አድርጎልዎት ነው?»

የሚያስለው ሽማግሌ ጣልቃ ገባ። «አቶ ሽፈራው፣ ይሄን ነገር ብንተወው…»

«ልጄን ለማላውቀው ሰው አልሰጥም» አለ አባቴ። «ልወቃቸው።»

ጋሽ ተካ ቆባቸውን ከራሳቸው አወረዱ። ታናሽ ወንድማቸው አዲስ አበባ፣ ሰፈራቸው መንገድ ዳር ተገድሎ ተጥሎ ውሎ እንደነበር፣ ማልቀስ ተከልክሎ እናታቸው ትራስ ነክሳ እንዳደረች ነገሩን። ቀኑን ሙሉ ለሌላ ሰው በሚናገሩበት በዚያ በተስተካከለ ድምፅ ነበር የሚያወሩት፤ አንድም ጊዜ አልተንቀጠቀጠም።

«ሬድዮ በብርድ ልብስ ሸፍነን እንሰማ ነበር» አሉ። «አንድ ቀን ያ ሰውዬ እዚያ አገር ሰው ያለ ፍርድ ይገደላል፣ ለገዳይ መሣሪያ አልሰጥም ማለቱን ሰማን። ከዓለም ሁሉ አንድ ሰው የወንድሜን መሞት የሰማ መሰለኝ። ያደረገልኝ ይኸው ነው።»

«የኔው ወንድም ታንክ ውስጥ ነበር» አለ አባቴ። «ያ መሣሪያ በጊዜው ቢመጣ ደምሴ ይኖር ነበር።»

«ቢመጣ» አሉ ጋሽ ተካ ዝቅ ብለው፣ «የተረፈውንም ወንድሜን ይጨርሱበት ነበር።»

ከታች የአውቶቡስ ፍሬን ሲጮኽ ሰማን። ሁለቱ ቆመው ተያዩ። የጋሽ ተካ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሐዘን እንዳይመስላችሁ፣ የደረጃው ድካም ነው። አባቴ አየው።

«የወንድምዎ ስም ማን ነበር?»

«ሳሙኤል።»

አባቴ ስሙን አንዴ ደገመው። ከዚያ ሄዶ የራሱን ወንበር፣ ማንም የማይቀመጥበትን፣ አንሥቶ አመጣና ከጋሽ ተካ ኋላ አስቀመጠው።

«ማርታን ሰጥቻለሁ» አለ። «ይቀመጡ።»

ማርታ በሩን በትከሻዋ ከፍታ ወጣችና ሰው ሁሉ ፊት አባቴ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እሱ ከእሷ ትከሻ በላይ ወደ ጋሽ ተካ እያየ «ገበሬውን ግን አልማርኩትም» አለ።

«እኔም እሱን አልሰጥዎትም» አሉ ጋሽ ተካ፣ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው እየተቀመጡ።

ሰርጉ በበጋ፣ በተከራየነው አዳራሽ ተደረገ። እናቴ የቆሎውን ከረጢት ሁሉ ፈትሻ አንድም ኦቾሎኒ እንዳልገባ አረጋግጣ ነበር። ዘፈኑ ሲደምቅ ጋሽ ተካ ከመጋረጃው ኋላ ቆመው ከኮት ኪሳቸው እያወጡ ሲቆረጥሙ አየሁ፤ አባቴም አያቸው፣ ዞር ብሎ ወደ ሙሽሮቹ ሄደ።

ያ ፎቅ ዛሬ የለም፤ አፍርሰው ሊፍቱ የማይበላሽ የመስታወት ሕንፃ ሠሩበት። ሱቄ ፊት ለፊት አውቶቡስ የሚጠብቁ የሃበሻ ልጆች ስልካቸው ላይ የትኛው ፕሬዝዳንት ይሻላል፣ የትኛው ይከፋል እያሉ ሲከራከሩ እሰማለሁ፤ ከአባቴ ጓደኞች የበለጠ ያውቃሉ፣ ስሙንም ሳይፈሩ ይጠራሉ፣ አውቶቡሱ ሲመጣ ግን ክርክሩን ወንበሩ ላይ ትተውት ይሄዳሉ። ደስ ይለኛል። ተነሡ ብሎ የሚያስቆማቸው ሙት የላቸውም ማለት ነው።

አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ሱቅ ይውልልኛል። ኦቾሎኒ ያለበትን ጆንያ አልፎ ይቀመጣል፣ እስከ ዛሬ አንድ ፍሬ አልቀመሰም፣ ደንበኛ ሲጠይቀውም «እሷን ጠይቁ» ይላል። ጋሽ ተካ ከክሮይደን ምርኩዛቸውን ይዘው ሲመጡ ግን መስፈሪያውን ከእጄ ይቀማኛል። እሳቸው «አሁንም አልማሩትም?» ይሉታል፣ እሱም «አልማርኩትም» እያለ ይሰፍራል፤ መስፈሪያው ሞልቶ ይፈስሳል፣ በላዩ አንድ እፍኝ ምራቂ ይጨምራል፣ ወረቀቱን ጠቅልሎ ሊሰጣቸው ሲል ደግሞ ይፈታውና ሌላ እፍኝ ይጨምራል። እንዲህ እየሰፈሩ ንግድ እንደማይሆን ልነግረው አፌን እከፍትና እተወዋለሁ።